ካሮት በስንት ኪሎ ሜትር ይበስላል?

ሻንጣው በር ላይ ቆሟል።

ሾፌሩ የጠዋቱን ጭነት አራግፎ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ ያየው እሱን ነው፤ ክው አለ። የሚስቱ ሰማያዊ ሻንጣ ነው። ዚፑ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፣ እላዩ ላይ ነጠላ ጫማዋ በፌስታል ታስሮ ተቀምጧል። እሱም አንዱ ብቻ። ሌላኛው እግሯ ጀሶ ውስጥ ስለሆነ ለጊዜው ጫማ አያስፈልገውም።

«ምንድነው ይሄ?» አለ።

«ሻንጣ ነው። አይተህ አታውቅም?» አሉ አማቱ ከኩሽና ብቅ ብለው። «ልጄን ይዣት ልሄድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታክሲ ይመጣል።»

የመኪናው ቁልፍ ከሾፌሩ እጅ ወደቀ። ሊያነሳው አልጎነበሰም፤ እንዳይወድቅ ፈርቶ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ ከአሥር ቀን በፊት ደረጃ ላይ አዳልጧት እግሯ ተሰበረ። ሐኪሙ ጀሶ አሠረላትና ሁለት ነገር አዘዘ፤ ስድስት ሳምንት ተኚ፣ በየቀኑ አትክልት ብዪ። መተኛቱስ እሺ። አትክልቱን ማን ይሥራው? እሷ መቆም አትችልም፣ እሱ ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ ሻይ ሲያፈላ እንኳ ታይቶ አይታወቅም። እናትየው ሐሙስ ዕለት ሊጠይቋት መጡና ፍሪጁን ከፈቱት። ዳቦ፣ ሰርዲን፣ ዳቦ። ዘጉት። ምናልባት ይለወጥ እንደሆን ብለው እንደገና ከፈቱት። ያው ዳቦ።

«እማማ ይተዉ እንጂ! ያለ እሷ እኔ ምን ልሆን ነው? ከግድግዳ ጋር ላወራ?»

«ግድግዳው ይሻልሃል። ዝም ብሎ ይሰማሃል።»

«አትክልቱን እኔ እሠራዋለሁ!»

አማቱ ከጫማው እስከ ፀጉሩ አዩት። ከዚያ ሳቁ፤ ግን እንዴት ያለ ሳቅ መሰላችሁ፣ የኩሽናውን በር ይዘው ነው የሳቁት።

«ሙት ስልዎት! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሠራ ነው የኖርኩት። መጋዘን ያሉትን ሾፌሮች ይጠይቁ። ድስቴ የሚሉኝ ለምን ይመስልዎታል?»

«ለሆድህ።»

ከመኝታ ቤት ምንም ድምፅ አልመጣም። ሌላ ጊዜ ድስቴ ላይ ሲሳቅ ሳቁን የምታስጀምረው ሚስቱ ነበረች። ዛሬ ግን ዝም።

«መልካም!» አሉ አማቱ ዓይናቸውን ጠርገው። «ይሄው ካሮት፣ ይሄው ድንች፣ ይሄው ጥቅል ጎመን። እስከ ሰባት ሰዓት ሠርተህ አቅርብ። ልጄ ቀምሳ ደስ ካላት ሻንጣው ይፈታል። ካልሆነ ታክሲው ይመጣል፣ አንተም ከሰርዲንህ ጋር በሰላም ኑር።»

እሳቸው ራሳቸው ለምን አይሠሩም እንዳትሉ፤ ሠርተዋል። ሐሙስም ዓርብም ጎመን ሠርተው ነበር። ስለዚያ ጎመን ባይወራ ይሻላል። ድሮ እኮ የእሳቸው ጎመን ጉድ ነበር ይባላል፤ ሚስቱ ስለ እናቷ ጎመን ስታወራ ዓይኗ ውሃ ይሞላል። ሃያ ስድስት ዓመት ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ሲተኩሱ ውለው፣ ማታ ሲገቡ ያ ጎመን አብሯቸው ከቦርሳ ይወጣ ነበር፤ ለስላሳ፣ ጣፋጭ፣ ገና ትኩስ። ከአራት ዓመት በፊት ጡረታ ወጡ፣ ጎመኑም አብሮ ጡረታ ወጣ። አሁን ወይ ያራል ወይ ጥሬ ነው። ፊት ለፊት የነገራቸው ሰው ግን የለም። ማን ደፍሮ!

ድስቴ ምድጃው ፊት ቆመ። እሳቱን አቀጣጠለ፣ ዘይት ጠብ አደረገ፣ ካሮቱን ከተተ። ከዚያ ምድጃውን ከላይ አየው፣ ከታች አየው፣ በጎን አየው። ላብ አጠመቀው።

ምድጃው ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ የለውም!

እየቀለድኩ አይደለም። ድስቴ እውነቱን ነው፣ አትክልት በማብሰል እሱን የሚያክል የለም። ግን የሚያበስለው መኪናው ሞተር ላይ ነው። ያቺ አፍንጫዋ ረጅም አሮጌ የጭነት መኪና ኮፈኗ ሲከፈት፣ ከሞተሩ ጎን የጭስ መውጫው ብረት አለ፤ ሲግል ምራቅ ብትተፉበት ይጮሃል። ድስቴ ጠዋት አትክልቱን በፎይል ይጠቀልልና እዚያ ብረት ላይ በሽቦ ያሥረዋል። ከዚያ ይነዳል። ድንች ዘጠና ኪሎ ሜትር። ጥቅል ጎመን ለአራት ተከፍሎ፣ በየቅጠሉ መሃል ነጭ ሽንኩርት ተወሽቆለት፣ እሱም ዘጠና፤ ግን አርባ አምስቱ ላይ መገልበጥ አለበት። ካሮት ሳይላጥ፣ ተፍቆ ብቻ፣ ሙሉውን፣ በዘይትና በጨው፣ ስልሳ። መኪናው ባዶ ከሆነ ሞተሩ ስለማይጨነቅ ለካሮት አምስት ይጨመርለታል። ደበርጃን አርባ ይበቃዋል፣ ግን በሹካ ካልተወጋ ይፈነዳል። አንዴ ፈንድቶበት ጋራዥ ሲገባ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ «ሰውዬ፣ ሰው ገጭተሃል!» ብሎ ጮኋል።

ይሄን ሁሉ ለሚስቱ ነግሯት አያውቅም። እሷ ድንች ሰባቴ የምታጥብ ሴት ናት። ባሏ ከሞተር ግራሶ ጋር የበሰለ ካሮት እንደሚበላ ብትሰማ አፉን በበረኪና ሳታጥብ ጉንጯን አታስነካውም። በዚህ ምክንያት አሥራ አንድ ዓመት «ምሳ መንገድ ላይ በላሁ» ይላል። ውሸት አይደለም፤ መንገድ ላይ ነው የበላው።

አሁን ምድጃው ፊት ቆሞ ያስባል፤ ካሮት ስልሳ ኪሎ ሜትር ነው። ይሄ ምድጃ በሰዓት ስንት ይሄዳል?

«እማማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ እሳት ማርሹ ስንት ላይ ነው አሁን?»

«ምኑ?»

«ማለቴ... ተዉት።»

ካሮቱ ከውጭ ጠቆረ። ቢቆርጠው መሃሉ እንደ ድንጋይ ነው። ሌላ ጣለ፣ እሱም ጠቆረ። ቤቱ በጭስ ተሞላ፣ ሚስቱንም መኝታ ቤት ድረስ ሳል ያዛት። አማቱ አንዷን በሁለት ጣት ብድግ አደረጓት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ካሮት።»

«ነፍስ ይማር።»

ድስቴ ሰዓቱን ሲያይ አራት ተኩል። ሻንጣዋ ከበሩ ጋ ሆና የምታየው መሰለው። ይሄኔ ነው ሚስቱ ከአልጋዋ የጠራችው።

«አንተ! ተጨንቀህ እንዲህ ቤት ውስጥ ከምትንቆራጠጥ ለምን መኪናዋን ወጣ አድርገህ አትመጣም? ሲጨንቅህ እሷ ናት የምታረጋጋህ።»

ድስቴ እንደ ሐውልት ቀጥ አለ። መኪናዋ! እንዴት ያለ ሞኝ ነው! ድልድዩ ድረስ አርባ አምስት ነው፣ ደርሶ መልስ ዘጠና። የቀረውን ካሮት፣ ድንቹን፣ ጎመኑን፣ ፎይሉን፣ ዘይቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን በፌስታል ጠቅልሎ «መጣሁ!» ብሎ ተፈተለከ። ሁሉንም በፎይል ጠቅልሎ ብረቱ ላይ በሽቦ አሠረው። ኮፈኑን ዘግቶ ጋቢና ሲወጣ ግን የሆነ ነገር አየና ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

አማቱ ጎኑ ተቀምጠዋል። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሻርፓቸውን አጥብቀው።

«እ... እማማ? እንዴት ወጡ?»

«በእግሬ። ንዳ።»

«ወዴት?»

«ወደምትገዛበት ሆቴል ነዋ! የተሠራ አትክልት ገዝተህ ሳህን ላይ ገልብጠህ 'እኔ ሠራሁት' ልትል! የእኔን ፀጉር ፀሐይ ያነጣው መሰለህ?»

ነዳ።

እናላችሁ፣ ከዚያ በኋላ የነበረው መንገድ ለጠላት አይስጥ። ምግብ ቤት ባለፉ ቁጥር አማቱ አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

«እዚህ ጋ ነው አይደል?»

«አይደለም እማማ።»

«ታዲያ ለምን ፍሬን ያዝክ?»

«ሰው እያቋረጠ ነዋ!»

ከተማው አለቀ። ቤት አለቀ። ግራና ቀኝ ሜዳ ብቻ ሆነ። ድስቴ ዓይኑን ከቆጣሪው አይነቅልም። ሃያ። ሃያ አምስት። አማቱ ቦርሳቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ የት ነው የምትወስደኝ? ልትጥለኝ ነው?»

«ኧረ እማማ!»

«ለሁሉም ልጄ አብሬህ መውጣቴን ታውቃለች።»

ሠላሳ አምስት ላይ ሽታው መጣ። በመጀመሪያ ቀጭን ነበር፣ ከዚያ ወፈረ። ነጭ ሽንኩርት፣ የጋለ ዘይት፣ ጣፈጥ ያለ የካሮት ሽታ። የአማቱ አፍንጫ ሲንቀሳቀስ አየ።

«ሽንኩርት ይሸተኛል።»

«ከፊታችን ያለው መኪና ይሆናል።»

«ከፊታችን ያለው ሲሚንቶ ነው የጫነው።»

ድልድዩ ታየ፤ አርባ አምስት። አሁን ጎመኑ መገልበጥ አለበት፤ ካልተገለበጠ አንድ ጎኑ ያራል፣ ሚስቱ ትሄዳለች። ከተገለበጠ ደግሞ አማቱ ያያሉ፣ ሚስቱ ያው ትሄዳለች። ዳር ያዘና ቆመ።

«ሞተሩ ትንሽ ግሏል። ልየው። እርስዎ አይውረዱ።»

«አይውረዱ» ማለት አልነበረበትም። እሱ ሳይወርድ እሳቸው መሬት ረግጠዋል።

ኮፈኑን ከፈተው። እንፋሎቱ ወጣ። ሦስት የሚያብለጨልጩ ጥቅሎች የጋለው ብረት ላይ ተጋድመው ቸስ... ቸስ ይላሉ። ድስቴ ዓይኑን ጨፈነ። ስድቡን ጠበቀ። ቦርሳው ራሱ ላይ እስኪያርፍ ጠበቀ። ምንም የለም። አንዱን ዓይኑን ቀስ ብሎ ገለጠ።

አማቱ ሻርፓቸውን ፈተው በእጃቸው ጠምጥመዋል። ጎንበስ አሉ፣ አንዱን ጥቅል በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት፣ አሸተቱት።

«ካሮቱ ገና ነው» አሉ። «አንድ ሃምሳ አንሶላ ይቀረዋል።»

ድስቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። ዝንብ ገብታ ብትወጣ አያውቅም።

«ምን... ምን አሉ?»

አማቱም ከአፋቸው ያመለጠውን ያን ጊዜ ነው የሰሙት። ፊታቸው ቲማቲም መሰለ።

«ምንም አላልኩም።»

«አንሶላ አሉ እኮ! ሃምሳ አንሶላ!»

አማቱ እዚያው የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«ለልጄ ትነግራትና» አሉ፣ «ያኛውን እግሯን እኔ እሰብርልሃለሁ። የአንተን ማለቴ ነው።»

እና አወጡት። ላውንደሪው ውስጥ ከትልቁ መተኮሻ ማሽን ጀርባ የእንፋሎት ቧንቧ ነበር፤ ጠመም ያለበት ቦታ ላይ እጅ አያስነካም። ጠዋት ሥራ ሲገቡ ጎመኑን በጣሳ አድርገው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው እዚያ ጠማማው ላይ ያስቀምጡታል። አለቃቸው ሽታው ከየት እንደሚመጣ ሳያውቅ ነው ጡረታ የወጣው። ሰዓት ማየት አይቻልም ነበር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሰዓትም የለም። ስለዚህ የሚቆጥሩት የተኮሱትን አንሶላ ነው። ካሮት ሁለት መቶ አንሶላ። ቀይ ሥር ሦስት መቶ ሃምሳ። ጎመን አራት መቶ፣ ሁለት መቶው ላይ ይገለበጣል።

«ጡረታ ስወጣ» አሉ አማቱ ሻርፓቸውን እያጠፉ፣ «ምድጃ ፊት ቆምኩ። እሳት እንዴት እንደሚለካ አላውቅም። ቤት ውስጥ ደግሞ አራት መቶ አንሶላ ከየት ይመጣል? እጇ በእርጅና ከዳት አሉ። ይበሉ አልኩ። ቧንቧ ነበር ጎበዙ ከምል እጄ አረጀ ቢባል ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ።»

ድስቴ መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ ምድጃው ፊት ያላበውን ላብ አስታወሰ። ከዚያ ሳቅ መጣበት፣ ግን የአማቱን ዓይን አየና ሳቁን ዋጠው።

«እማማ፣ እኔ ምድጃዋን 'በሰዓት ስንት ትሄጃለሽ' ብያት ነበር እኮ።»

«ሰምቼሃለሁ። ማርሽ ስትለኝማ ልቤ ጠርጥሮ ነበር። ተነስ አሁን፣ ጎመኑን ገልብጠው። ቆይ፣ እንደዚያ አይደለም! ግንዱን ወደ ብረቱ፣ ቅጠሉን ወደ ላይ። ግንዱ ነው ግትሩ።»

አሥራ አንድ ዓመት ግንዱን ወደ ላይ ነበር የሚያደርገው። ይሄም ሌላ ድንጋጤ ሆነበት።

ሲመለሱ ቆጣሪውን የሚያዩት ሁለቱም ነበሩ። መኪናዋ ባዶ ስለሆነች ስልሳ አምስት ላይ ቆመው ካሮቱን አወጡ። ዘጠና ላይ ሰፈር ገቡ። ፎይሉን የጎረቤት ቆሻሻ ውስጥ ከተቱ፣ እጃቸውን የመኪና ማጠቢያው ጋ ታጠቡ፣ አትክልቱን ጋቢና ውስጥ በነበረ ድስት ይዘው እንደ ሌባ በጓሮ ገቡ። ሰባት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሳህኑ ሚስቱ ጭን ላይ አረፈ።

ድንቹን ቀመሰች። ራሷን ነቀነቀች። ካሮቱን ቀመሰች፣ ደገመች። ድስቴ ከአልጋው እግር ጋ ቆሞ ትንፋሹን ይዟል። ከዚያ ጎመኑን አንስታ ጎረሰች። ማኘኩን አቆመች። ሹካው ከእጇ ወደቀ። ድስቴ አለቀልኝ አለ፤ የግራሶ ጠብታ ገብቶበት ይሆናል፣ ወይ ሽቦ!

«እማዬ» አለች ድምፅዋ ተቆራርጦ። «ይሄ... ይሄ ያንቺ ጎመን ነው። የድሮው። ከቦርሳሽ የምታወጪልኝ።»

ወዲያው እንባዋ ሳህኑ ላይ ተንጠባጠበ። አማቱ መልስ ሳይሰጡ ዞረው ወጡ። ኩሽና ገብተው የቧንቧ ውሃ ለቀቁ፤ የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም።

«አብረን ነው የሠራነው» አለ ድስቴ።

«በምን?» አለች ሚስቱ።

«በ... በእሳት።»

«ጎበዝ» አለችና ሳህኑን ጠረገች።

አማቱ ዓይናቸው ቀልቶ ተመለሱ። ቀጥ ብለው ሻንጣው ጋ ሄዱ፣ እየጎተቱ መኝታ ቤት አስገቡት፣ ዚፑን ከፈቱት። ታክሲው ጋ ደወሉ። «ቀርቷል!» አሉ። «አይ፣ ሌላ ቀንም አይደለም። እኔም እዚሁ ነኝ፤ እግሯ እስኪድን። ይሄ ልጅ ጎመን ሲያሥር አይቼዋለሁ፣ ብቻውን አይተውም።»

ሰኞ ጠዋት ድስቴ ሙሉ ጭነት ይዞ ወጣ። ኮፈኑ ውስጥ አራት ጥቅል አለ፤ አማቱ ራሳቸው በጠዋት ተነስተው ያሠሩት ነው፣ አጠቃለላቸው የተተኮሰ አንሶላ ይመስላል፣ አንድ ጭምድድ የለበትም። እንዲህ ያለ ልብ የሚያሳርፍ ሰኞ ኖሮት አያውቅም። ድልድዩ ጋ ሊደርስ ሲል ስልኩ ጮኸ። የአማቱ ቁጥር ነው። ዳር ይዞ ቆመና አነሳው።

«የት ደረስክ?»

«ድልድዩ ጋ ነኝ።»

«ጎመኑን ገልብጠው። ግንዱ ወደ ብረቱ።»

«እሺ እማ...» ብሎ ጀመረና ደረቀ። የአማቱ ድምፅ አይደለም። የሚስቱ ነው። ስልኩን ሊጥለው ነበር።

«አን... አንቺ... የቱን ጎመን?»

«ኧረ ተው! ሸሚዝህን አሥራ አንድ ዓመት የማጥበው እኔ አይደለሁ? ከእጅጌው ግራሶና ነጭ ሽንኩርት እኩል ነው የሚወጣው። ደግሞ ተኝተህ ታወራለህ። 'ካሮቱን ስልሳ ላይ' እያልክ አንሶላ ትጎትታለህ። ቅዳሜ ምድጃ ፊት ቆመህ ስትንቀጠቀጥ እስከ መቼ ልጠብቅህ? ወደ መኪናህ የላክሁህ እኮ እኔ ነኝ።»

ድስቴ መሪው ላይ ግንባሩን አስደገፈ። ጥሩምባዋ በግንባሩ ተጭና ጮኸች፤ በድልድዩ የምታልፍ ሴትዮ በርግጋ ዘለለች።

«እና... አትጸየፊም?»

«ድንቼን ሰባቴ አጥባለሁ እንጂ መቼ የሚጥም ነገር ተጸየፍኩ? በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ከኪስህ የተረፈች ግማሽ ካሮት አግኝቼ በልቻት ነበር። በጣም ነበር የተናደድኩት። ግማሽ ብቻ በመሆኗ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማዬ ሱቅ ሄዳለች፣ ስልኳን ረስታ። የእሷንም የቧንቧ ነገር አውቃለሁ፤ ሕፃን ሳለሁ ላውንደሪ ወስዳኝ በዓይኔ አይቻለሁ። ማወቄን እንዳትነግራት፣ ትሞትብኛለች።»

«እሳቸውም እኮ ለአንቺ እንዳልነግርሽ...»

«ሙሉ ጭነት ነው የያዝከው?» አቋረጠችው።

«አዎ።»

«እንግዲያው ካሮቱን ሃምሳ ስምንት ላይ አውጣው። ስልሳ ይበዛበታል። እና ቶሎ ና፣ ርቦኛል።»